ቀዳዳውን ሸጣችሁ ቁስሉን ለማን ተዋችሁት?

የእህቴ ልጅ 19 ዓመት የሞላት ዕለት ከጓደኞቿ ጋር ሄዳ የጆሮዋን የላይኛውን ክፍል በሽጉጥ ተበሳች። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ሂሳብ ከፈለች፣ "ጉትቻውን በየቀኑ እያዞርሽ አልኮል አድርጊበት" ተባለች፣ አለቀ።

በስድስተኛው ቀን ቤታቸው ስሄድ ጆሮዋ በርበሬ መስሎ አብጧል። ገና እጄን ሳላነሳ "ጋሼ፣ እንዳትነካኝ!" አለችኝ። እናቷ ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ገዝታ አስጀምራታለች። ጎረቤቱ ደግሞ አንዱ ቅቤ፣ አንዱ የጥርስ ሳሙና ያዛል።

"አገር በዚህ ሁሉ ውስጥ ሆና አንተ ስለ ጉትቻ ትጽፋለህ?" የምትሉኝ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ግን ሴት ልጅ፣ እህት ወይም ሚስት ያለው ሁሉ ይመለከተዋል፤ አሁን አሁንማ ወንዱንም።

የጆሮ የታችኛው ለስላሳ ሥጋ ደም በደንብ ስለሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይድናል። የላይኛው ግን ልም አጥንት ነው። የራሱ የደም ሥር የለውም፤ የሚመገበው ከሸፈነው ስስ ሽፋን ነው። ስለዚህ ለመዳን ከወራት እስከ ዓመት ይወስዳል። ኢንፌክሽን ከገባው ልም አጥንቱ ሊሞት፣ ጆሮም ቅርጹን ሊያጣ ይችላል። እዚህ ቦታ ላይ በብዛት የሚገኘው ሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ አሞክሳሲሊን ደግሞ ይህን ባክቴሪያ አይነካውም። እህቴ በቅንነት የሰጠችው ክኒን ጊዜ ከማባከን ሌላ የፈየደው አልነበረም።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ በአንድ የጌጣጌጥ መሸጫ ከተበሱ ሰዎች 7ቱ በዚሁ ባክቴሪያ መያዛቸው በምርመራ ተረጋግጧል። ምንጩ ሲፈለግ የተገኘው የት መሰላችሁ? ለማጽጃ ተብሎ የተቀመጠው ፈሳሽ ውስጥ!

ሽጉጡም ቢሆን ለልም አጥንት የተሠራ አይደለም። ደነዝ ጫፍ ያለውን ጉትቻ በኃይል ገፍቶ ሥጋውን እየጨፈለቀ ያሳልፋል። ብዙዎቹ አካላቸው ፕላስቲክ ስለሆነ በአውቶክሌቭ ሙቀት ማምከን አይቻልም። በጥጥና በአልኮል ጠራርጎ ለሚቀጥለው ሰው ማቀበል ነው።

ለልጅቷ የተሰጣት ምክርም ከነጭራሹ የተገላቢጦሽ ነው። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አዲስ የሚያድገውን ሥጋ ያቃጥላሉ። ጉትቻውን ማዞር የደረቀውን ቅርፊት እየቀደደ ቁስሉን እንደ አዲስ ይከፍተዋል። የሚያስፈልገው ቀላል ነው፦ እጅን በሳሙና ታጥቦ በቀን ሁለቴ በኖርማል ሳላይን ማጠብ፣ በንጹሕ ጋዝ ማድረቅ፣ ከዚያ አለመነካካት። ሳላይን ከጠፋ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 9 ግራም ጨው፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው። ጨው ማብዛት ያቃጥላል እንጂ ቶሎ አያድንም። በዚያ በኩል አለመተኛት፣ የሻሽና የትራስ ልብስ ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ሹሩባም ለጊዜው ይቆይ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መቅላትና ነጣ ያለ ፈሳሽ ያለ ነው። እብጠቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት። ጉትቻውንም ራሳችሁ አታውጡት፤ ቀዳዳው ተዘግቶ መግሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

እናቴ የተበሳችው በመርፌ ነው፤ ክር ነበር የገባላት። ንጹሕ ነበር አልልም። ግን የበሳቻት ሴት ጎረቤት ስለነበረች በየጠዋቱ እየመጣች ታየው ነበር። ዛሬ ማን ያያል? የበሳውን ልጅ ሄጄ ጠየቅሁት። "እኛ የምንሸጠው ጌጥ ነው" አለኝ፣ ሳያፍር።

ክሊኒክ ክፈቱ አላልንም። በአማርኛ የተጻፈች አንዲት ብጣሽ ወረቀት ከጉትቻው ጋር ስጡ ነው የምንለው። ጤና ቢሮዎችም ምግብ ቤት እንደሚፈትሹ ሁሉ መብሻውን ይፈትሹ።

ልጅቷ መግሉ ወጥቶላት፣ መድኃኒቷ ተቀይሮ እየተሻላት ነው። የጆሮዋ ጫፍ ግን ትንሽ ወደ ውስጥ ተጨማዷል። ከቤት ስትወጣ በዚያ በኩል ፀጉሯን ትለቃለች።