ወጌሻን ማባረር ወይስ ማሰልጠን?

ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ሲሰበር ብዙው ቤተሰብ የሚሮጠው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ የሚጠይቀው ገንዘብም አያስጨንቅም። ሆስፒታሉ ይርቃል፤ በዚያ ላይ «እዚያ ከሄደ ይቆርጡታል» የሚል ፍርሃት አለ። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሐኪሙ መጋዝ የሚያነሳው ብዙ ጊዜ ልጁ የሚደርስለት ክንዱ ከጠቆረ በኋላ ስለሆነ ነው።

ወጌሻው ክንዱን በቀርከሃ ደግፎ በጨርቅ ጥፍር አድርጎ ያስረዋል። የተሰበረ ክንድ ደግሞ ያብጣል። እብጠቱ መውጫ ሲያጣ የደም ሥሮቹን ይጫናል፤ ጡንቻም ስድስት ሰዓት ያህል ያለ ደም ከቆየ መሞት ይጀምራል። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል። እናቱ «ቻለው የኔ ጌታ፣ አጥንቱ እየገጠመ ነው» ትለዋለች። ሊነጋጋ ሲል ዝም ይላል፤ ቤቱም እፎይ ብሎ ይተኛል። ልጁ ግን ዝም ያለው ነርቩ ስለደነዘዘ ነው። ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል፣ ቢቆነጥጧቸውም አይሰማውም።

ይህ ነው ጋንግሪን። ስሙን ያወረሱን የጥንት ግሪኮች ሥጋን እየበላ የሚሄድ ቁስል አድርገው ያዩት ነበር። እዚህ ግን የሚበላ ነገር የለም፤ ደም እንዳያልፍ መንገድ የዘጋው ማሰሪያው ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በወጌሻ ላይ መጫንም አግባብ አይደለም። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፎልክማን በ1881 እ.ኤ.አ. በጠበቀ ፋሻ ምክንያት ጡንቻው ሞቶ ስለሚኮማተር እጅ ሲጽፍ፣ የሚያወራው ስለ ሐኪም ፋሻ ነበር። የሆስፒታል ጀሶም ከጠበቀ ያው ነው። ልዩነቱ ሐኪም ቤት ውስጥ «ጣትህን እስኪ አንቀሳቅስ» የሚል ሰው መኖሩ ነው (ሁልጊዜ ባይኖርም)።

ስለዚህ ወጌሻን እናግድ የሚሉትን አልደግፍም። ቢታገድም በጓሮ ማሰሩን አይተውም። ጉራጌ ውስጥ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ወጌሻዎችን ሰብስቦ የአንድ ቀን ትምህርት ከሰጠ በኋላ በጠበቀ ማሰሪያ ሰበብ የሚቆረጥ እጅና እግር በግልጽ መቀነሱ በ2005 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ታትሟል። አንድ ቀን ብቻ! የየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይህን ማድረግ አያቅተውም።

እናቶችም ሊነገራቸው ይገባል። ማሰሪያውን ያለ ወጌሻው ፈቃድ መፍታት እንደ ድፍረት ስለሚታይ ብዙዎቹ አይነኩትም። ጣቱ ካበጠና ከቀዘቀዘ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ይፍቱት፤ ከዚያ ልጁን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።