ስለ ምግብ የሚሰጠው ትምህርት ከማሳው ይጀምር

በቆቦና በአካባቢው ባለው የራያ ቆላ የሚያድግ ሕፃን ምግብ ከየት እንደሚገኝ ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም። ከማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ከማሽላው ወፍ ሲጠብቅ፣ ፍየል ሲያግድ፣ እሸት ሲጠብስና ጥንቅሽ ሲመጥ ያደገ ነውና። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ተጠልፎ ማሳ ሲያጠጣ አይቷል። ዝናቡ ቢዘገይ የቤቱ ማዕድ ምን እንደሚመስልም ያውቃል።

ይኸው ልጅ ክፍል ገብቶ ስለ ምግብ የሚማረው ግን ብዙውን ጊዜ ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ የሚሉትን ሦስት ስሞች በቃሉ በማጥናት ነው። ስሞቹን ለፈተና ይጽፋቸዋል። ከጓሮው ጎመንና ከቤቱ ሽምብራ ጋር ሳያገናኛቸው ቢቀር ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ጉዳዩ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆነ ሕፃናት 46 በመቶ የሚሆኑት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው ያነሰ ነበር። የአገሪቱ አማካይ 38 በመቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አነስተኛ ጥናት የክልሉ አኃዝ ወደ 41 በመቶ ቢወርድም ከመቶው ከ40 በላይ የሚሆኑ ሕፃናት መቀጨጫቸው ሊያሳስብ የሚገባ ነው። መንግሥት በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት የተገባ ቃል ነው።

እርግጥ ነው፣ ከሁለት ዓመት ዕድሜ በፊት የተጎዳ ዕድገት ኋላ በሚገኝ ትምህርት በቀላሉ አይካስም። ታዲያ የአንደኛ ደረጃ ተማሪን ማስተማር ምን ይፈይዳል የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። መልሱ ከየቤቱ ይገኛል። እናት ውኃ ልትቀዳ ወይም ገበያ ስትወጣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ የምትውለውና የምታጎርሰው ያቺው ተማሪ ናት። ከጥቂት ዓመታት በኋላም እናት የምትሆነው እርሷ ናት።

ትምህርቱ የሚጀመርበት ቦታ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ማሽላው ነው። ማሽላ ኃይል ሰጪ እህል ቢሆንም ላይሲን የተባለው ለሰውነት ግንባታ የሚያስፈልግ የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል። ጥራጥሬ ይህንኑ በብዛት ይይዛል። ስለዚህ የማሽላ እንጀራ በሽሮ ሲበላ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሞላዋል። የቆላው እናቶች ከጥንት ጀምሮ የሚያቀርቡት ማዕድ በሳይንስም የተደገፈ መሆኑን ልጆች ቢሰሙ በእናታቸው ሙያ ይኮራሉ እንጂ አያፍሩም።

ከዚህም የሚበልጥ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 9,000 የሚጠጉ የማሽላ ዘሮችን መርምረው ላይሲናቸው ከሌሎቹ እጅግ የላቀ ሁለት ዘሮች ማግኘታቸውን አስታወቁ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ የሄዱ ነበሩ። በወሎ ገበሬዎች ዘንድ “ወተት በጉንጬ” እየተባለ የሚጠራው፣ ከሌላው ማሽላ ጋር ጥቂት ጥቂት ተዘርቶ በእሸትነቱ እየተጠበሰ የሚበላው ማሽላ የዚሁ ዓይነት ነው። ገበሬው ጣዕሙን ለይቶ፣ ስሙን አውጥቶ፣ ዘሩን ጠብቆ አቆይቶታል። የሚያሳዝነው ግኝቱ በተነገረበት ዓመት ወሎ በረሃብ እያለቀ የነበረ መሆኑ ነው። ተማሪው ይህን ታሪክ ሊያውቀው ይገባል።

በሌላ በኩል በቆቦ ጊራና ሸለቆ በከርሰ ምድር ውኃ ሽንኩርትና ቲማቲም እየለማ ለገበያ ይቀርባል። ገንዘብ መገኘቱ መልካም ነው። ነገር ግን እንቁላሉ ተሽጦ በዋጋው ብስኩትና ከረሜላ ተገዝቶ ከተመለሰ ቤተሰቡ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝንበታል። ምርቱ ሁሉ አይሸጥ ማለት ሳይሆን፣ ለሕፃናቱ ጥቂት ይቅር ማለት ነው። ፀረ ተባይ የተረጨ ቲማቲም በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የቀናት ገደብ ሳያልፍ ተለቅሞ መበላት እንደሌለበትም ልጆች ከወዲሁ ሊማሩት የሚገባ ቁም ነገር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ። የራያ ገበሬ ልጁን የሚያበላው ያጣው ሰነፍ ስለሆነ ወይም ስላላወቀ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ቆላውን አቃጥሎ ሕዝቡ ወደ ኮረም መጠለያ ጎርፏል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የአንበጣ መንጋ በደረሰ ማሽላ ላይ ወርዷል። ያ ሳያንስ በዚያው ዓመትና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት አካባቢውን አውድሟል። ባዶ ሆዱን ለመጣ ልጅ እንቁላልና ወተት ያስፈልግሃል ብሎ ማስተማር ምክር ሳይሆን ወቀሳ ይሆንበታል። ስለሆነም የምግብ ትምህርትና የተማሪዎች ምገባ ተነጣጥለው ሊታዩ አይገባም። ለምገባው የሚውለው ማሽላና ሽምብራም በተቻለ መጠን ከአካባቢው ገበሬ ቢገዛ ትምህርቱ በሰሐን ላይ የሚታይ ይሆናል።

ለዚህም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ውኃ ባለበት ት/ቤት ሁሉ ጎመን፣ ካሮትና ፓፓያ የሚተከልበት አነስተኛ መደብ ይዘጋጅ። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች፣ የግብርና ልማትና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየጊዜው ወደ ክፍል ይጋበዙ። ዘር መርጠው የሚያኖሩ አረጋውያን ገበሬዎችና እናቶችም እንደ መምህር ይቆጠሩ። የመደቡ ምርት ለተማሪው አፍ ይድረስ እንጂ ለሌላ ጉዳይ አይሸጥ።

በእርዳታ ዘመን ያደገ ልጅ ምግብ ከመኪና የሚወርድ ነገር መስሎት ነበር። የዛሬው ተማሪ ግን ከአባቱ ማሳና ከእናቱ ጓዳ የሚገኝ መሆኑን አውቆ፣ ያንኑም አሻሽሎ ለመጠቀም እንዲችል ማድረግ የመምህራን፣ የወላጆችና የወረዳው ትምህርት፣ ጤናና ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የጋራ ኃላፊነት ነው።