አውራ ዶሮውን በሌሊት ማን ነከሰው?



ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ልጆቼ ለሱብሒ የሚቀሰቅሰንን አውራ ዶሮ አቅፈው እያለቀሱ መጡ። የቀኝ እግሩ ሁለት ጣቶች ተበልተዋል፤ ደሙ ላባው ላይ ደርቋል። እኔም ሳላጣራ የጎረቤታችንን አውራ ዶሮ ወነጀልኩ፤ ለባለቤቷም ሄጄ ነገርኳት። ቅር ተሰኘች። የጎረቤት ሐቅ ቀላል አይደለምና ኋላ አውፍ አባብያታለሁ። ዶሮ ከዶሮ ሲጣላ በአብዛኛው የሚቆስለው ራሱ፣ ፊቱና አንገቱ ነው። ሌሊት በተኛበት ጣቱ የተበላ ዶሮ ካያችሁ ግን መጀመሪያ የምትጠረጠረው አይጥ ናት። ዶሮ ሲጨልም አያይም፤ ከቆጡ ወርዶ ራሱን አይከላከልም።

ባለቤቴ «ከሚሠቃይ ቢስሚላህ ብለን እንረደው» አለ። ሐሳቡ ስህተት አልነበረም። የቆሰለ ዶሮ ሕይወቱ እያለ በሥርዓቱ ከታረደ ይበላል፤ በራሱ ከሞተ ግን በክት ነው። ይህን ለመወሰን ጊዜው መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት ነው። አንቲባዮቲክ የተሰጠው ዶሮ መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ፣ ባለሙያው የሚነግራችሁ ቀን ሳይሞላ አይበላምና። በእኛ ቤት የልጆቹ ለቅሶ አሸነፈና ማከም ተመረጠ።

የቆሰለውን ከሌሎቹ ለይታችሁ ጨለም ባለ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት። ዶሮዎች ደም ካዩ የገዛ ጓደኛቸውንም ቢሆን ነቁረው ይጨርሱታል። ደሙ ካልቆመ በንጹሕ ጨርቅ ሳታነሡ አምስት ደቂቃ ያህል ተጫኑት፤ በየደቂቃው እየገለጡ ማየት ደሙን መልሶ ያስነሳዋል። ከዚያ አንድ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበትና ለብ ሲል ቁስሉን እጠቡ። የተጣበቀ ላባ ካለ በመቀስ ይቆረጥ እንጂ አይነቀል። በመጨረሻ ቤታዲን በውሃ አቅጥናችሁ፣ ቀለሙ ቀጭን ሻይ ሲመስል ቀቡት። አልኮል ግን አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ያቃጥላል። የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈልቅቆ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ በየቤቱ የተለመደ ነው፤ እኔም ሳደርገው ኖሬያለሁ። መጠኑ ሳይታወቅ የሚሰጥ መድኃኒት ጀርሞቹን ያለማምዳቸዋል፤ ለእንስሳት ሐኪም ተዉት።

ስታቅፉት ሰውነቱ ቢፈጃችሁ አትደንግጡ፤ የጤነኛ ዶሮ ሙቀት 41 ዲግሪ ገደማ ነው። ከመኖ በፊት ውሃ ስጡት። ቁስሉን በቀን ሁለት ጊዜ እዩ፤ ዝንብ ዕንቁላል ከጣለችበት በአንድ ቀን ትል ይወጣበታልና። የእግሩ መርገጫ ካበጠና መሐሉ ላይ ጥቁር ቅርፊት ከያዘ አመርቅዟል ማለት ነው፤ በቤት አትነካኩት።

ቁስሉ ታጠበ፤ አይጧስ? ማታ ባትሪ ይዘን የዶሮውን ቤት ስንዞር ከጣውላው ሥር ቀዳዳ አገኘን። ሌላው ደግሞ ከጓዳችን በር ሥር ነበር፤ ከዚያ ወደ ኮርኒስ ወጥተዋል። ለካ ሌሊት ሌሊት ከራሳችን በላይ የምንሰማው ሩጫ የዚሁ ቤተሰብ ነው! እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ትንሿን የቤት አይጥ ያስገባል፤ ለትልቋም 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃታል። ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድግ እንጨት፣ ፕላስቲክና ፎም ትቦረቡራለች፤ ጨርቅማ ጎጆዋን መሥሪያ ይሆናታል። እኛ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ በቀዳዳው ጠቅጥቀን በሲሚንቶ ለሰንነው። ከበሩ ሥር ላሜራ መታንበት። የተለመደው የዶሮ ሽቦ ዶሮን ይይዛል እንጂ አይጥን አይከለክልም፤ ዓይኑ ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ያስፈልጋል፤ ቆፍራ እንዳትገባም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት ይቀበር። ከሁሉ የከበደን ግን የልማድ ነገር ነው፦ የተረፈውን መኖ ከመግሪብ በፊት ማንሣት፣ ፉርሽካውን ከማዳበሪያ አውጥቶ ክዳን ባለው በርሜል ማስቀመጥ። ማታ ዕቃ መክደንና ኩራዝ ማጥፋትን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዘውናል፤ አይጥ ክሩን ጎትታ ቤቱን በቤተሰቡ ላይ ታቃጥላለች ብለዋልና።

ውስጥ ለቀሩት ወጥመድ ይበቃል። አይጥ ግድግዳ ተጠግታ ስለምትሄድ ወጥመዱ ኦቾሎኒ የተቀባበት ጫፉ ግድግዳውን ነክቶ ይቀመጥ። አዲስ ዕቃ ትፈራለችና ሳይጠመድ ጥቂት ቀን ይሰንብት። የተያዘችውን ጋዝ አርከፍክፎ ማቃጠል በየሰፈሩ አይቻለሁ። በእሳት መቅጣት በዲናችን የተከለከለ ነው፤ የምትነድ አይጥ ደግሞ የምትሮጠው ወደ ቤታችሁ ነው።

መርዝ ግዙ ያሉን ነበሩ። ልገዛም ወጥቼ ነበር፤ ሻጩ መለያ የሌለው ብጣሽ ላስቲክ ሲዘረጋልኝ የሚድኸው ልጄ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። መርዙን ልጅም ዶሮም ያገኘዋል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዓይነት አይጧን የሚገድለው ከቀናት በኋላ ነው፤ ኮርኒስ ውስጥ ሞታ ትሸታለች፣ ድመት ከበላቻትም ድመቷ ትመረዛለች። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ደግሞ ሆድ ውስጥ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፤ ማርከሻ የለውም። አላህ ይጠብቀንና ልጅ መርዝ ከቀመሰ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ደኅና ቢመስልም እሽጉን ይዛችሁ ወዲያው ሐኪም ቤት ሩጡ። የአንዳንዱ መርዝ ምልክት ከቀናት በኋላ ነውና የሚታየው።

የአይጥ ኩስ በደረቁ አይጠረግም፤ በውሃ የቀጠነ በረኪና ረጭታችሁ፣ ጓንት አድርጋችሁ በጨርቅ አንሡት።

አውራ ዶሮው አልሐምዱሊላህ ድኗል። ጣቶቹ ስለጎደሉ ቀጭኑን ቆጥ መጨበጥ አልቻለም፤ እየወደቀ አስቸገረን። በሰፊ ጣውላ ቀየርንለት። ጎረቤቴም የእርሷን ዶሮ ቤት ቀዳዳ እንድናይላት ትናንት ጠርታናለች።