የድሬዳዋ ቀትርና የረቂቅ ልክ ምርምር

ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስባት የተቆረቆረች ከተማ እንደ መሆኗ፣ ከንግዷና ከጉምሩኳ ዝና ባላነሰ የብረት ጥበብ መናገሻ እንደ ነበረች የሚመሰክረው፣ በከዚራ ሰፈር የሚገኘው የባቡሩ አተልዬ፣ ማለት የጥገና ወርክሾፑ፣ ነው። በዚያ ስፍራ ሥራውን በፈረንሳይኛ የተማሩ ባለሙያዎች፣ ከባሕር ማዶ የማይመጣላቸውን መለዋወጫ ራሳቸው ብረት አቅልጠው፣ ራሳቸውም በቶርኖ ቀርጸው ለሎኮሞቲቩ ሲገጥሙ ኖረዋል። እኔም በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማሳሰብ የምወደው፣ በሜካትሮኒክስና በረቂቅ እንቅስቃሴ ቁጥጥር ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚመራመሩ የአገራችን ተማሪዎች፣ ይልቁንም በድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩት፣ የደከሙበትን ነገር በብረቱና በሙቀቱ ፊት እንዲፈትኑት ነው።

የእንቅስቃሴ ቁጥጥር ጥበብ ምሥጢሩ የታዘዘውንና የሆነውን ዘወትር ማስተያየት ነው። ደቀ መዝሙር ሲያዜም መሪጌታው ከጎኑ ሆኖ የሳተውን ዜማ ወዲያው እንደሚመልስለት፣ በማሽኑ ሞተር ላይ የተተከለው ኢንኮደር ዙሩን ይቆጥራል፣ መቆጣጠሪያውም ከትእዛዙ ጋር አመዛዝኖ የጎደለውን ይሞላል፣ የተረፈውን ይቀንሳል። ነገር ግን ኢንኮደሩ የሚቆጥረው ዙሩን እንጂ የብረቱን ርዝመት አይደለምና፣ የማሽኑን ጠረጴዛ የሚገፋው ጠመዝማዛ ዘንግ በሙቀት የረዘመ እንደ ሆነ፣ መቆጣጠሪያው ደረስሁ ብሎ ሲያርፍ ጠረጴዛው ከስፍራው አልፎ ቆሟል።

የድሬዳዋ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሜትር ብረት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር 12 ማይክሮን ያህል፣ አሉሚኒየም ደግሞ 23 ማይክሮን ያህል ይረዝማል፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የዓለም የልክ ሊቃውንት የማናቸውም ዕቃ ርዝመት በ20 ዲግሪ ሙቀት እንዲነገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ወስነዋል፤ በግንቦትና በሰኔ ቀትር 35 ዲግሪ በሚሞቅ ወርክሾፕ ውስጥ ግን ያው ብረት ከዚያ ልክ 180 ማይክሮን፣ አሉሚኒየሙም 345 ማይክሮን ረዝሞ ይገኛል። ማሽኑና የሚቀረጸው ዕቃ አንድ ዓይነት ብረት ሆነው እኩል ቢሞቁ ስሕተቱ እርስ በርሱ በተጣፋ ነበር፤ ዳሩ ግን ዘንጉ በሰበቃ ምክንያት ከማሽኑ መሠረት ቀድሞ ይግላል፣ በመስኮት የሚገባው ፀሐይም አንዱን ወገን ብቻ ያሞቃል። ባለጸጋ አገሮች ይህን መከራ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው በማቀዝቀዣ ከቤተ ሙከራቸው ያስወጡታል፤ እኛ ግን ሳንከፍል ከደጃችን እናገኘዋለን፤ እንዲህ ያለው የምርምር ሀብት ያለ ተመራማሪ መቅረቱ እጅግ ያሳዝነኛል።

ስለምን ይቀራል ቢሉ፣ ብዙው የመመረቂያ ጽሑፍ ከሲሙሌሽን ስለማይወጣ ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ሞተር አይግልም፣ አቧራ አይገባበትም፣ መብራትም አይጠፋበትም፤ ስለዚህ በጽሑፉ ላይ የሚሣለው መስመር ሁልጊዜ ያማረ ነው። ሲሙሌሽንን መንቀፌ አይደለም፤ ሕግጋቱን ለመማር ግድ ነው። መሣሪያ የለንም የሚሉትንም አልወቅስም፤ የውጭ ምንዛሪ ችግር እውነት ነውና። ሆኖም አንድ ሰርቮ ሞተር፣ አንድ ዘንግ፣ ጥቂት የሙቀት መለኪያዎችና የጠረጴዛውን ፈቀቅታ የሚለካ አንድ ዲያል ጌጅ የተገኙ እንደ ሆነ፣ ከጧት እስከ ማታ በታዘዘውና በሆነው መካከል ያለውን ልዩነት መዝግቦ፣ ከሙቀቱ ጋር ያለውን ዝምድና በሒሳብ ገልጦ፣ መቆጣጠሪያው ያንኑ አስቀድሞ እንዲቀንስ ማድረግ ይቻላል፤ ይህም ብቻውን ለአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ድካም የሚበቃ ሥራ ነው።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲውና የባቡሩ አስተዳደር በውል ተስማምተው ከአተልዬው አንዲት ክፍልና አንድ አሮጌ ቶርኖ ለተማሪዎች ይስጡ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር የአሮጌውን ሥራ ቢወስድም፣ የብረቱን ጠባይ በእጃቸው የሚያውቁት አንጋፎች ገና በከተማይቱ ውስጥ አሉ፤ ዕድሜ ግን አይጠብቃቸውም። ተማሪው ጽሑፉን በሚከላከልበትም ጉባኤ ከሊቃውንቱ ጎን ከእነርሱ አንዱ ተቀምጦ፣ «ቀትር ላይ ጌጁ ስንት አነበበልህ?» ብሎ ይጠይቀው።