አሮጌ ድምፅ ማጉያን ስለ ማደስና ስለ መለወጥ

አሮጌ ድምፅ ማጉያ አድሶ መሸጥ የተከበረ ንግድ ነው። ነገር ግን የታደሰውና የተለወጠው በደረሰኝ ላይ ካልተለየ፥ ገዢው ያልተዋዋለበትን ዕቃ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል።

በ1954 እ.ኤ.አ. ኤድጋር ቪልቹርና ሄንሪ ክሎስ በአሜሪካ፥ በማሳቹሴትስ ግዛት የመሠረቱት አኩስቲክ ሪሰርች የተባለው ኩባንያ ለዚህ አስረጂ ይሆናል። ኩባንያው ሣጥኑን አየር እንዳያስወጣ አድርጎ ዘጋው፤ በውስጡ የታፈነውም አየር ወፍራሙን ድምፅ ለሚሰጠው ባለ ወረቀት ክፍል እንደ ሞላ ሆኖ ያገለግላል። በ1967 እ.ኤ.አ. በወጣው ኤ.አር. 3ኤ ግን፥ የዚህን ባለ 12 ኢንች ክፍል ዙሪያ የያዘው ስፖንጅ በዘመን ብዛት ይፈረፈራል። ስፖንጁን በልኩ መተካት፥ ካፓሲተሮቹን ለክቶ የደከሙትን መለወጥ፥ የዛገውን መቈጣጠሪያ ማጽዳት፥ ይህ ሁሉ ማደስ ነው፤ ባለሙያውም ተገቢ ዋጋ ሊከፈለው ይገባል። (እንጨቱን ቫርኒሽ መቀባትም ማንንም አይጐዳ።) «ድምፁ ይጐላል» ብሎ ሣጥኑን መብሳት ግን ሌላ ነገር ነው። ሞላው አየሩ ነውና፥ የበሳው ሰው ሞላውን አውጥቶ ጣለው፤ ጩኸት ቢጨመርም የድምፁ ጥራት ይበላሻል።

ባለቤቱ ወዶ ቢያስለውጥ ንብረቱ ነው፤ ከልካይ የለውም። ሻጭ ግን የተተካውን ሁሉ በደረሰኙ ይጻፍ፤ የወጡትንም አሮጌ ክፍሎች ለገዢው ያስረክብ። ገዢውም ሳይከፍል በፊት ወረቀቱን በጣቶቹ ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ይግፋው፤ ሲለቀው በዝግታ ከተመለሰ ሣጥኑ ደኅና ነው፤ ወዲያው ከተመለሰ ግን አየር ያስወጣል።