ብርና ብር

አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን እንደሚገነዘቡት «ብር» የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው፤ አንደኛው ማዕድኑ፥ ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። ስማቸው አንድ ቢሆንም ዋጋቸው አንድ አይደለም። ይህንንም በተለይ የመታሰቢያ ብር ለማጠራቀም የሚሻ ሰው ሊያውቀው ይገባል።

ጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና ሳይቋቋምባት አስቀድሞ የብር በር ነበረች። ጠገራ ብር የተባለው የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብ በዚያና በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ይገባ ነበር። በላዩ የተቀረጸው ዓመት፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር፥ ንግሥቲቱ ያረፈችበት 1780 ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ በቪየናና በሌሎች ከተሞች በዚያው ዓመት ሲታተም ኖሯል። ስለዚህ ጽሕፈቱ ዕድሜውን አያስረዳም። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ከዚህ የጎደለውን መጠርጠር ይገባል።

ዛሬ የሚሸጡት ትንንሽ የመታሰቢያ ብሮች ደግሞ አንዳንዶቹ የአውንስ ዐሥረኛ እጅ፥ ማለት 3.11 ግራም ብቻ ይመዝናሉ። ሳንቲሙ ቢያንስም የማተሚያው ወጪ በዚያው ልክ አያንስምና በግራም ሲታሰብ ዋጋው ይበዛል። በነፃ ቀጠና የሚነገረውም ዋጋ ቀረጥ ያልተጨመረበት ነው፤ ወሰን ሲሻገር ጉምሩክ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ለልጁ ጥሪት ብሎ የሚገዛ አባት ለብሩ ስንት፥ ለሥዕሉ ስንት፥ ለቀረጡ ስንት እንደሚከፍል አስቀድሞ ለይቶ እንዲጠይቅ እንመክራለን። ሥዕሉ ዓይንን ደስ ያሰኛል፤ በችግር ቀን ግን አንጥረኛው የሚመዝነው ብሩን ብቻ ነው።