«አትነሳ፣ እኛ እናመጣልሃለን»



ከሰፈራችን ልጆች አንዱ የልብ ቫልቭ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሲመለስ ጀመዓው ቤቱን ሞላው። ለሕክምናው ያዋጣነውም እኛው ነበርን፣ አልሐምዱሊላህ። ውሃ ሲጠማው አንዱ ይሮጣል፤ ሊነሳ ሲል ሦስታችን በአንድ ድምፅ «ኧረ ተኛ!» እንላለን። ጫማውን እንኳ የሚያስሩለት እናቱ ናቸው። የ22 ዓመት ወጣት ነው! በሁለተኛው ወር እስከ ግቢው በር ሄዶ መመለስ ሲያቅተው «ኦፕራሲዮኑ አልያዘም መሰለኝ» ብለን ተንሾካሾክን። ሐኪሙ ሲመረምረው ግን ቫልቩ ደህና ነው፤ የደከመው ጡንቻው ነው። ያደከምነው ደግሞ እኛ ነን።

በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዳላስ ከተማ አምስት ጤነኛ ወጣቶች ለጥናት ሲባል ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ሲነሱ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ወርዶ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ሲለኳቸው የሦስት ሳምንቱ መኝታ ያደረሰባቸው ድካም ከ30 ዓመት እርጅና በልጦ ተገኘ። ደስ የሚለው፣ በስፖርት ማካካስ መቻላቸው ነው። ልብ በሉ፣ እነዚህ ጤነኞች ናቸው። ደረቱ ተከፍቶ የተሰፋ ልጅ ሁለት ወር ሲተኛስ?

ፍርሃታችን ግን ከንቱ አይደለም። የተከፈተው የደረት አጥንት እስኪገጥም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ከባድ ነገር ማንሳት፣ መግፋት፣ መጎተት፣ በእጅ ተደግፎ መነሳት አይፈቀድም፤ ሲያስል ትራስ ደረቱ ላይ አቅፎ ነው። እግሩን ግን ማን ከለከለው? ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ በቀን ጥቂት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ መራመድ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እስከ ግማሽ ሰዓት መጨመር ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ እየተራመደ ማውራት ከቻለ ልኩ ነው፤ ቃል ከቆራረጠ ይቀንስ። ደረቱን ካመመው፣ ካዞረው ወይም ልቡ ያለ ልክ ከመታ ቆሞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ሶላቱስ? ሱጁድ ወርዶ በእጅ ተደግፎ መነሳት አዲስ ለተሰፋ ደረት ከባድ ነው። ለታመመ ሰው ቁጭ ብሎ መስገድ ደግሞ ዲናችን የሰጠው ሩኽሷ ነው፤ በወንበር መስገድ አያሳፍርም። የቻለ ቀን ግን ይቆማል። ወንድማችን የመጀመሪያ ግቡን ያደረገው የሱብሒን ሁለት ረከዓ ቆሞ መስገድ ነበር። ከዚያ መስጂዱ፣ ከዚያ የመስጂዱ ደረጃ።

እህቶቻችን ላይ ይብሳል። ወይ «ልበ በሽተኛ ናት» ተብላ ከበር አትወጣም፣ ወይ ገና በወሩ ጄሪካን አንሺ ትባላለች። ሁለቱም በደል ነው።

በሀገራችን ብዙ ወጣት ለቀዶ ሕክምና የሚደርሰው በልጅነት ችላ በተባለ የጉሮሮ ሕመም መዘዝ፣ በሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ሐኪም ያዘዘው በየወሩ የሚወሰድ የፔኒሲሊን መርፌ «አሁንማ ድኛለሁ» ተብሎ አይቋረጥም። ደም ማቅጠኛ የሚወስድም ቢሆን መራመዱን አይተወውም፤ መተው ያለበት ግጭት ያለበትን ኳስ ነው። ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ የመድኃኒቱን ሰዓት አይቀይር።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ እንቅስቃሴ የሚያሠለጥኑ ቦታዎች በሀገራችን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ዚያራችንን እንቀይር። አሥር ሆነን አልጋውን ከበን ለስላሳ ከምንጠጣ፣ ሁለት ሁለት ሆነን ተራ ይዘን ከዐስር በኋላ አብረነው እንራመድ። ለእህቶች እህቶች። ለሕክምናው ብር ስናዋጣ የነበርን ሰዎች ግማሽ ሰዓት ማዋጣት ያቅተናል?

እኛ እንዲህ ጀመርን። መጀመሪያ እስከ ሱቁ፣ ቀጥሎ እስከ አስፋልቱ። እናቱ በር ላይ ቆመው «ቀስ በሉ ልጆቼ፣ አደራ!» ይሉን ነበር። ባለፈው ሳምንት ልንወስደው ስንሄድ ቤት አጣነው።

«ጫማውን ራሱ አስሮ ወጣ» አሉን እናቱ እየሳቁ። «ይዘገያሉ ብሎ አልጠበቃችሁም።»